ረፊቅ አል-ሐሪሪ፦ ከሂሳብ መምህርነት እስከ ሽምግልና

ረፊቅ አል-ሐሪሪን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በ2005 (እ.ኤ.አ.) ቤይሩት ውስጥ በቦምብ ፍንዳታ የተገደሉ የቀድሞ የሊባኖስ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆናቸውን ነው። ከሥልጣን በፊት ግን ሥራ ተቋራጭና አስታራቂ ነበሩ።

በ1944 በሰይዳ ከተማ ከሱኒ ሙስሊም ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1965 ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሻግረው መጀመሪያ ሂሳብ አስተማሩ፤ ቀጥሎም በሂሳብ ሠራተኝነት ተቀጠሩ። በ1969 የራሳቸውን የግንባታ ድርጅት አቋቋሙ። ስማቸው የተጠራው ግን በጣኢፍ ነው። ንጉሥ ኻሊድ የፈለጉትን ትልቅ ሆቴል ከፈረንሳዩ ኦዤ ኩባንያ ጋር ሆነው ዓመት ሳይሞላ በ1977 አስረከቡ። ቤተ መንግሥቱ አመናቸው፤ የሳዑዲ ዜግነትም አገኙ። ኦዤንም በኋላ ራሳቸው ገዙት።

ሊባኖስ ከ1975 ጀምሮ በእርስ በርስ ጦርነት ትታመስ ነበር። ሐሪሪ የንጉሥ ፈህድ መልእክተኛ ሆነው በቤይሩትና በደማስቆ መካከል ተመላለሱ፤ በጄኔቫና በሎዛን ድርድሮችም ደከሙ። በ1989 የሊባኖስ የፓርላማ አባላት ለስምምነት የተሰበሰቡት እዚያው ጣኢፍ ነበር። ስምምነቱ የፓርላማውን ወንበር ለሙስሊሞችና ለክርስቲያኖች እኩል አካፈለ፤ የማሮናዊውን ፕሬዝዳንት ሥልጣን ቀንሶ በሱኒ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመራውን ካቢኔ አጠናከረ። በ1992 ያንን ወንበር የያዙት አስታራቂው ራሳቸው ናቸው።

ተቺዎቻቸው ንግዳቸውና ሥልጣናቸው ተቀላቅሏል ይላሉ። በእኛ እይታ ትችቱ የሚከብደው መሀል ቤይሩትን መልሶ የገነባውን ሶሊዴር ኩባንያ በተመለከተ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባለአክሲዮን ነበሩና። በሌላ በኩል በስማቸው የቆመው ፋውንዴሽን በአስር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሊባኖሳውያን ተማሪዎች የትምህርት ወጪ ሸፍኗል። የተቀበሩት በገንዘባቸው ካስገነቡት የሙሐመድ አል-አሚን መስጂድ አጠገብ ነው፤ ምርቃቱን ግን አላዩም።