ከጥቁር አንበሳ ቁልቁል፣ ከለገሃር ድሬዳዋ

የባች ጓደኞቼ ታስታውሳላችሁ፤ ከዘንድሮው መገናኛችን በኋላ ድሬዳዋና ሐረር እንሂድ ሲባል ግማሹ «አውሮፕላን ይሻላል፣ አንድ ሰዓት ነው» አለ፤ ግማሹ «ሚኒባስ ተከራይተን እየተጫወትን» አለ። እኔ «ባቡርስ?» ብል ሳቃችሁ። «አሁንም ባቡር አለ እንዴ?» ያለውን ሰው ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። አዘጋጆቹ ለዚህ መጽሔት አንድ ነገር ጻፊ ሲሉኝ ታዲያ ለዚያ ሳቅ መልስ ልስጥ ብዬ ተነሳሁ።

የድሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴም በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ነው ያረጀው። ስለዚህ ባዳላ ይቅር በሉኝ። ከተማችን ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ የታሰበው መስመር ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ነጭ ዓባይ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ግን ያለችው ተራራ ላይ ነው፤ ወደዚያ ሐዲድ ማውጣት ደግሞ ከባድ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ መስመሩ በተራራው ግርጌ በሜዳው እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ሐረር ለዘመናት የያዘችውን የንግድ በር ቀስ በቀስ ለታናሿ አስረከበች። ጣቢያ የሚቆምበት ቦታ እንዲህ አድርጎ የከተማን ዕድል ይለውጣል፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ድሬዳዋ ላይ ገንዘቡ አለቀ፣ የመጀመሪያው ኩባንያም ከሰረ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያንም በመስመሩ ላይ ሲሻኮቱ ዓመታት አለፉ። ሥራው በሌላ ኩባንያ ቀጥሎ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። መጀመሪያ ላይ ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም፤ ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባል። ለኛ ሦስት ቀን ብዙ ነው፤ ከቅፍለት ጋር ሳምንታት ለተጓዘ ሰው ግን ተአምር ነበር። ፈረንሳይኛውም በዚያው ገባ፤ «ላ ጋር» በአፋችን ለገሃር ሆኖ ቀረ።

ባቡሩ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1911 ዓ.ም.፣ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን መታ። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ባቡሩ ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም፤ ነጋዴውም ወታደሩም በየመንገዱ ይንቀሳቀስ ነበር። ነገር ግን ከተማን ከወደብ የሚያገናኝ መንገድ ጨውና ጨርቅ ብቻ አይጭንም፤ ይህን ለሐኪም መንገር አያስፈልግም። ንጉሠ ነገሥቱም ጠላት ሲቃረብ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የወጡት በዚሁ ሐዲድ ነው።

እኔ ደግሞ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የመጣሁት በዚሁ ሐዲድ፣ በ1989 ዓ.ም. ነው። የአውሮፕላኑ ዋጋ የሚታሰብ አልነበረም። አውቶቡስ ነበር፣ ግን ያስመልሰኛል። ባቡር ላይ ትቆማለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ሲደክምህ ከሰው ጆንያ ላይ ጋደም ትላለህ። መተሐራ ላይ ሸንኮራ፣ ኤረር ላይ ብርቱካን በመስኮት ይገባል። ነጋዴዎቹ እናቶች ጨርቁን በላይ በላዩ ደራርበው ለብሰው ሁለት ሰው ያክላሉ፤ ፈታሽ ሲመጣ አንዱን ጥቅል «የኔ ልጅ፣ ይቺን ያዥልኝ» ብለው ከእግሬ ስር ይከታሉ። የሐኪም ተማሪ አይፈተሽም ብለው ነው መሰለኝ።

ሦስተኛ ዓመት ሆኜ ከእረፍት ስመለስ አፍደም ላይ አንድ ሽማግሌ በመስኮት አስገቡልን። ከግመል ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ከነፍራሻቸው ከወንበሮቹ መካከል አስተኟቸው። ልጃቸው የያዘው የሪፈር ወረቀት «ጥቁር አንበሳ» ይላል። አንዲት ነጋዴ «ይቺ ሐኪም ናት» ብላ አጋለጠችኝ፤ እኔ አጥንት በመጽሐፍ እንጂ በሰው ላይ ነክቼ አላውቅም። የማውቀው እግራቸው እንዳይነቃነቅ በጋቢ መደገፍና ውሃ ማጠጣት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሰው እየተራመዳቸው ሳይሆን እየዞራቸው አለፈ። ለገሃር ስንደርስ አራት የማይተዋወቁ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ቸርችልን ሽቅብ ጥቁር አንበሳ ድረስ ወሰዷቸው። መኪና አልተፈለገም። እኔ ሻንጣዬን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ተከተልኩ። ከወራት በኋላ በክራንች በዚያው ባቡር ወደ አገራቸው ሲመለሱ እኔው ነኝ የሸኘኋቸው።

ባቡር አይገድልም ማለቴ አይደለም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ጠመዝማዛው ላይ ሳይቀንስ ገብቶ ገደል ሲወድቅ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው በሰፈራችን ድንኳን ከድንኳን ተነካክቶ መተከሉን ነው። ቢሆንም አሁን ተረኛ ሆኜ በማድርበት ድንገተኛ ክፍል ሌሊት የሚገባው የመኪና አደጋ ነው፤ ሚኒባስ፣ ሲኖትራክ፣ ባጃጅ። እናንተም ታውቁታላችሁ። «እየተጫወትን በሚኒባስ» ስትሉ ያልሳቅኩት ለዚህ ነው።

አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ሰው ማመላለሱን በ2000ዎቹ መጀመሪያ አቆመ። አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ሐዲዱ ሰፊ ነው፣ ስፌሩም ለመቶ ሃያ ኪሎ ሜትር በሰዓት የተሠራ ነው። ተሳፍሬበታለሁ፤ ንጹሕ ነው፣ አያንገጫግጭም፣ መጽሐፍ ያስነብባል። በፍጥነትም በምቾትም የኔን ዘመን ባቡር ከሱ ጋር ማወዳደር ነውር ነው።

ግን የሚነሳው ለቡ ነው። ድሬም ሲደርስ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚያወርደው። ሐረርን ያለፋት ሐዲድ ነገር ትዝ አለኝ። በሁለቱም ጫፍ ታክሲ ያስፈልጋል፤ እዚያ ታክሲ ውስጥ ስገባ ያ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ፤ በየትኛው ወንበር ይተኙ ነበር? እኔ በሄድኩበት ቀን ከአዳማ ወዲያ የቆመባቸው ጣቢያዎችም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አፍደምን በመስኮት አየኋት። ሰፊ ሐዲድ ለጭነት በየከተማው መሃል ማስገባት ከባድ መሆኑን አላጣሁትም። ለመንገደኛው ግን ከአሮጌው ለገሃር ለቡ፣ ከድሬ መሃል አዲሱ ጣቢያ፣ የባቡሩን ሰዓት ጠብቆ የሚመላለስ አውቶቡስ ቢኖር ግማሹ ችግር ይቃለላል። ከአውሮፕላንና ከመኪና ጋር የሚወዳደረው ባቡሩ ብቻ አይደለም፤ ከቤት እስከ ጣቢያ ያለውም መንገድ ነው።

የለገሃሩ ሕንፃ ዛሬም አለ። ስለዚህ የጉዞውን ቀን ማለዳ እዚያ፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ስር እንገናኝ፤ እስከ ለቡ የሚያደርሰንን መኪና እኔ አዘጋጃለሁ። ቲኬትም እኔ እቆርጣለሁ። የሳቀው ሰው ብርቱካን ይግዛ። አፍደም ስንደርስ ተኝቼ ከሆነ ቀስቅሱኝ።