ጉንፋን ነው ወይስ ሌላ ትኩሳት? መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ራጉኤል አካባቢ ዕቃ በማውረድ የሚተዳደር የማውቀው ልጅ አለ። አምና ኅዳር ላይ ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ ተመልሶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ብርድ ብርድ አለው፣ ራሱን አመመው፣ ሰውነቱን ቆረጣጠመው። ያየው ሁሉ "ጉንፋን ነው፣ ያልፋል" አለው። አንዱ ዝንጅብል በሻይ፣ አንዱ ዳማከሴ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አመጣለት። በአራተኛው ቀን መቆም ሲያቅተው ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ደሙ ሲመረመር ወባ ነው። አሁን ደህና ነው፣ ሥራው ላይ ነው። ግን አራት ቀን ሙሉ ማናችንም "ከየት ነው የመጣኸው?" አላልነውም።

▪️ ትኩሳት በሽታ አይደለም

ትኩሳት ምልክት ነው። ሰውነታችን ከገባበት ነገር ጋር ሲታገል ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል። ኢንፍሉዌንዛ ትኩሳት ያመጣል፤ ወባም፣ ታይፎይድም፣ የሳንባ ምችም፣ ቶንሲልም ያመጣሉ። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ "ትኩሳቱን ምን አመጣው?" የሚለው ነው።

▪️ መጀመሪያ ለኩት

ግንባር ላይ እጅ አድርጎ "ትኩስ ነህ" ማለት አያስተማምንም። በተለይ ዕቃ ተሸክሞ ወይም ፀሐይ ላይ ቆሞ የመጣ ሰው ሳይታመምም ይሞቃል። ትንሽ ዐረፍ ብላችሁ በቴርሞሜትር ለኩ። በአፍ ሲለካ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው። በብብት ሲለካ ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ስለሚል 37.5 ሲደርስ ትኩሳት አለ በሉ። በአፍ የምትለኩ ከሆነ ትኩስ ሻይ ወይም ቡና ከጠጣችሁ 30 ደቂቃ ይለፈው። ቁጥሩንና ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ ሐኪም ጋ ስትሄዱ በጣም ይጠቅማል።

▪️ "ጉንፋን" የምንለው ሁለት ነገር ነው

ቀላሉ ጉንፋን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ጉሮሮ ይከረክራል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ያስነጥሳል። አዋቂ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ትኩሳት የለውም፤ ቢኖረውም ትንሽ ነው። እየተነጫነጭን ሥራ እንውላለን።

ኢንፍሉዌንዛ (ፍሉ) ግን ድንገት ነው የሚጥለው። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ አልጋ ይይዛል። ከፍ ያለ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማት፣ ራስ ምታት፣ ደረቅ ሳል፣ ከባድ ድካም አለው። ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ በ3 ወይም በ4 ቀን ይበርዳል፤ ሳሉና ድካሙ ግን ሁለት ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። ኮቪድም ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ያለ ምርመራ መለየት አይቻልም።

ፍሉን ደግሞ አንናቀው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገድሏል። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ተፈሪ መኮንንም ታመው ነው የተረፉት። "የኅዳር በሽታ" የሚባለው እሱ ነው፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥልበት "ኅዳር ሲታጠን"ም ከዚያ ዘመን ጋር ይያያዛል። ጭሱ ግን ቫይረሱን አያጠፋውም፣ የሚያስለውንም ያባብስበታል። ፍሉ የሚተላለፈው በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ነው። የያዘው ሰው ምልክት ከማሳየቱ አንድ ቀን በፊት ጀምሮ አንድ ሳምንት ገደማ ሊያስተላልፍ ይችላል።

▪️ ጉንፋን የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

ወባ፦ ብርድ ብርድ ይላል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ ያልባል፣ ይተዋል፣ ተመልሶ ይመጣል። የአፍንጫ ፈሳሽና ማስነጠስ ብዙ ጊዜ የለውም። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ስለሆነ ወባ እዚህ የሚይዘው ሰው ብርቅ ነው። ግን አውቶቡስ ተራ ቅርባችን ነው፤ ከመተማ፣ ከጋምቤላ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከአዋሽ በየቀኑ ሰው ይመጣል። በ2024 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል። ወባ ከተነደፋችሁ ከሳምንት እስከ አንድ ወር ቆይቶ ሊወጣ ይችላል፤ አንዱ ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ይነሳል።

ታይፎይድ፦ ትኩሳቱ በየቀኑ ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ሆድ ያማል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ይኖራል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ አንዴ ብቻ ተሠርቶ "ፖዘቲቭ" ቢል ታይፎይድ ነው ማለት አይደለም። ድሮ የያዛችሁም ሆነ ሌላ ኢንፌክሽን እንዲህ ሊያሳይ ይችላል። ይበልጥ የሚታመነው የደም ካልቸር ነው።

ያገረሸ ትኩሳትና ተስቦ (ታይፈስ)፦ ሁለቱም በልብስ ቅማል ይተላለፋሉ። ተጨናንቆ የሚተኛ፣ ልብስ የሚቀይርበት የሌለው ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ያገረሸ ትኩሳት ስሙ እንደሚለው ነው፤ ለቀናት ያነድዳል፣ ይተዋል፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ይመጣል።

▪️ ራሳችሁን ጠይቁ

1. ባለፈው አንድ ወር ቆላ ሄጄ ነበር?
2. ድንገት ነው የጀመረኝ ወይስ ቀስ እያለ?
3. አፍንጫና ጉሮሮ አለበት ወይስ ትኩሳት ብቻ ነው?
4. ስንተኛ ቀኔ ነው? ትቶኝ ተመለሰ?

የመጀመሪያው መልስ "አዎ" ከሆነ ቀን አትቁጠሩ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የወባ ምርመራ አድርጉ። ከየት እንደመጣችሁም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

▪️ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ቀለል ያለ ምግብ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል፦ ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ በፍጹም አይበልጥም። የጉበት ችግር ያለበት ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ባለሙያ ሳይጠይቅ አይውሰድ። ብዙ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥ ፓራሲታሞል ስላለ ደርባችሁ እንዳትወስዱ። ዴንጊ የታየባቸው እንደ ድሬዳዋና አፋር ካሉ ቦታዎች የመጣችሁ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን አትውሰዱ፤ ደም መፍሰስ ያመጣል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ጉንፋንንም ፍሉንም አያድንም፤ ሁለቱም ቫይረስ ናቸው።

▪️ አትጠብቁ፣ ሂዱ

ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውየው ከዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ የሚጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም ከፈሰሰ፣ ትኩሳቱ ከ3 ቀን ካለፈ ወይም ትቶ ከተመለሰ። ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን፣ ስኳር ወይም ኤችአይቪ ያለባቸው ቶሎ ይታዩ። ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን 38 ከደረሰ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር 8335 ነው። ስልካችሁ ላይ መዝግቧቸው።

አጠገባችሁ ያለ ሰው "ብርድ ብርድ አለኝ" ካለ ሻይም ስጡት፣ ጋቢም አልብሱት። ግን መጀመሪያ "ከየት ነው የመጣኸው?" በሉት። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ብቻውን ቤት ተከራይቶ የሚኖር ጓደኛ ያላችሁ፣ ይቺን ላኩለት።