የናሙና ምት፦ ወርድ ክሎክ ምንድን ነው?

ከኮምፒውተር ውጭ ያለ ዲጂታል ሪቨርብ ወይም መቅጃ ከኦዲዮ ኢንተርፌስ ጋር አገናኝተው ሲቀዱ፣ ድምፁ ውስጥ በየጥቂት ሰከንዱ «ጠቅ» የሚል ነገር ሲገባ ብዙ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኬብሉን ነው። ኬብል ይቀየራል፣ ኮምፒውተር ይወቀሳል፤ ጠቅታው ግን አይለቅም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ወርድ ክሎክ በሚባለው ነገር ላይ ነው። በአማርኛ «የናሙና ምት» ብንለው ይስማማል።

ዲጂታል መሣሪያ ድምፅን የሚይዘው በጣም አጫጭር በሆነ እኩል ልዩነት እየለካ ነው። እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ነው። ለሲዲ በሰከንድ 44,100፣ ከቪዲዮ ጋር ለሚሄድ ሥራ 48,000 ናሙና ይወሰዳል። 44,100 የሚለው እንግዳ ቁጥር የመጣው ዲጂታል ድምፅ በቪዲዮ ካሴት ላይ ይቀዳ ከነበረበት ዘመን ነው፦ በአንድ የምስል መስመር 3 ናሙና፣ 245 መስመር፣ በሰከንድ 60 ጊዜ። የናሙና ምት ማለት እንግዲህ «አሁን ለካ፣ አሁን ለካ» እያለ መሣሪያውን የሚያዝዘው ምልክት ነው።

ይህን ምት የሚያመነጭ ክሪስታል በእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ አለ። ሁለት ክሪስታሎች ግን ፍጹም እኩል አይሄዱም። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 10 ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በ44,100 ፍጥነት በየ2 ሰከንዱ ገደማ አንድ ናሙና ይተርፋል ወይም ይጎድላል። የተረፈው ይጣላል፣ የጎደለው ይደገማል፤ የሚሰማው ጠቅታ ይኸው ነው። ከበሮና ድራም በበዛበት ሙዚቃ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። ማሲንቆ ረዥም ድምፅ ሲስብ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ለምን «የቃል ሰዓት» አላልነውም? በስሙ ውስጥ ያለው «ወርድ» የንግግር ቃል ስላልሆነ ነው፤ የአንድ ናሙና 16 ወይም 24 ቢት አንድ ላይ ሲታሰር የሚጠራበት ስም ነው። «ሰዓት» ቢባል ደግሞ ከታይም ኮድ ጋር ይምታታል። ታይም ኮድ ቀረጻው ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደደረሰ ይናገራል፤ የናሙና ምት ግን ስለ ቦታ ምንም አያውቅም። «ምት» ብቻውን ከቴምፖ ጋር እንዳይደባለቅ ሁልጊዜ «የናሙና ምት» ተብሎ በሙሉ ቢጠራ ይሻላል።

ሕጉ አንድ ነው፦ በተገናኙት መሣሪያዎች መካከል ምት የሚያወጣው አንዱ ብቻ ይሁን። በዘፈናችን አውጪና ተቀባይ እንዳለው ሁሉ፣ እዚህም አንዱ «ምት አውጪ»፣ የቀሩት «ምት ተቀባይ» ይባሉ። ሪቨርቡ ኤስፒዲፍ በሚባለው የዲጂታል ማገናኛ ሲገናኝ ድምፁ ከኢንተርፌሱ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ኢንተርፌሱ «ኢንተርናል» ላይ ሆኖ ምት ያውጣ፤ የሪቨርቡ የክሎክ ምርጫ «ዲጂታል ኢን» ወይም «ኤክስተርናል» ላይ ይሁን። ምቱ ከድምፁ ጋር በዚያው ኬብል ስለሚሄድ ሌላ ሽቦ አያስፈልግም። ሁለቱም «ኢንተርናል» ከሆኑ ጠቅታው ይመጣል። ሁለቱም «ኤክስተርናል» ከሆኑ የባሰ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ አውጪ የለም፣ ድምፁም ሊቆራረጥ ይችላል። ያለው አንድ አሮጌ ሪቨርብ ብቻ ከሆነ ግን በአናሎግ ማገናኘቱን እመርጣለሁ። በአናሎግ መንገድ የናሙና ምት ማስማማት ጨርሶ አያስፈልግም፤ በድምፁ ጥራት ላይ የሚቀነሰውም እጅግ ጥቂት ነው።

ኬብሉም ቢሆን ጨርሶ ነፃ አይደለም። በሽቦ ለሚሄድ ኤስፒዲፍ 75 ኦም የሆነ ኬብል ያስፈልጋል፤ ከቀይና ነጩ የድምፅ ገመድ ይልቅ ቢጫው የቪዲዮ ገመድ ይመረጣል። በብርሃን በሚያስተላልፈው ኦፕቲካል ኬብል ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አሌሲስ የተባለው ኩባንያ በ1991 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አዳት በኤስ-ቪኤችኤስ ካሴት ላይ 8 ትራክ የሚቀዳ ማሽን ነበር። ካሴቱ ቀርቶ የኦፕቲካል ማገናኛው ዛሬም በኢንተርፌሶች ጀርባ ላይ አለ፤ በ48,000 ፍጥነት 8 ቻናል፣ በ96,000 ደግሞ 4 ያስተላልፋል። 2 ቻናል ያለው ኦፕቲካል ኤስፒዲፍም ያንኑ ኬብል፣ ያንኑ ቀዳዳ ይጠቀማል። ስለዚህ ቀዩ መብራት እየታየ ድምፅ ከሌለ፣ በሁለቱም መሣሪያ ሜኑ ላይ «አዳት» ወይም «ኤስፒዲፍ» የሚለው አንድ ዓይነት መሆኑን ማየት ነው።

መሣሪያዎቹ ሦስትና አራት ሲደርሱ ምቱን ብቻውን የሚወስድ ቢኤንሲ ኬብል ይመጣል፤ በመስመሩ መጨረሻ ያለው መሣሪያ ላይ ብቻ የ75 ኦም ማብቂያው ይበራል።

ዳት የሚባለው የድሮ ዲጂታል ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ነገሩ ይገለበጣል። አብዛኞቹ የዳት ማጫወቻዎች ሲያጫውቱ የሚሄዱት በራሳቸው ምት ስለሆነ አውጪው ማጫወቻው፣ ተቀባዩ ኢንተርፌሱ ይሆናል። ካሴቱ የተቀዳው በ48,000 ከሆነ ፕሮግራሙም 48,000 ላይ ይከፈት። በ44,100 የተከፈተ ፋይል ውስጥ ገብቶ በኋላ ሲጫወት የ5 ደቂቃው ዘፈን ወደ 5 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ይረዝማል፣ ቅኝቱም ከግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል። ወደ 44,100 መለወጥ ካስፈለገ ከግልበጣው በኋላ በሶፍትዌር ይሠራል።