የቢሮ ስልክ ከገመድ ወደ ገመድ-አልባ መረብ የተሸጋገረበት ታሪክ

የስልክ ታሪክ ሲጻፍ ገመድ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ እንደ መሰናክል ነው። ምሰሶ ተክሎ፣ ሽቦ ወጥሮና ግድግዳ በስቶ ድምፅን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማድረስ ብዙ ድካምና ወጪ ስለሚጠይቅ፣ ድምፅ በአየር ሞገድ መጓዝ የጀመረበት ዘመን ከዚህ ሁሉ ጣጣ እንዳወጣ ይቆጠራል። ይህ አስተያየት ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ የሚታየው ገመዱ ድምፅ ከማስተላለፍ ሌላ ምን ይሠራ እንደ ነበር ሲጠየቅ ነው። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የቢሮ ስልክ ከገመድ-አልባ መረብ ጋር ሲገናኝ፣ ገመዱ በዝምታ ያከናውናቸው የነበሩት ተግባሮች አንድ በአንድ በሌላ መሣሪያና በሌላ ወጪ መተካት ነበረባቸው። የሽግግሩም ታሪክ በአመዛኙ የእነዚህ ተተኪዎች ታሪክ ነው።

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1876 ካገኘ በኋላ በነበሩት ዓመታት እያንዳንዱ ስልክ የራሱ ባትሪ ነበረው። ደዋዩ በሣጥኑ ጎን ያለውን መዘውር በእጁ እያዞረ ደወሉን የሚያስጮኸውን ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ንግግሩን የሚያስተላልፈው ኃይል ደግሞ ከባትሪው ይመጣል። ባትሪው በደከመ ቁጥር ሠራተኛ ከቤት ቤት እየዞረ ሊቀይረው ይገባ ነበር። የደንበኞች ቁጥር በሺህ ሲቆጠር ይህ አሠራር የሚያዛልቅ አልሆነም። ስለዚህም በ1890ዎቹ በአሜሪካ ባትሪው ከደንበኛው ቤት ወጥቶ በማዞሪያ ጣቢያው ውስጥ በአንድ ክፍል መሰብሰብ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ በሚሄድባቸው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ኃይልም አብሮ ይሄድ ጀመር፤ 48 ቮልትም በብዙ አገሮች የተለመደ ልክ ሆነ። በዕድሜ የገፉ መምህራን እንደሚያስታውሱት፣ መብራት ሲጠፋ የዳይሬክተሩ ስልክ መሥራቱን አያቋርጥም ነበር። ኃይሉን የሚያገኘው ከከተማው መብራት ሳይሆን ጣቢያው ከሚጠብቃቸው ባትሪዎች ነበርና።

ገመዱ ለተነጋጋሪዎቹ የሰጠው ሌላው ነገር የራሳቸው የሆነ መንገድ ነው። ጥሪው ከተገናኘ በኋላ መስመሩ ንግግሩ እስኪያልቅ ለሌላ አይሰጥም፤ ሁለቱም ዝም ቢሉ እንኳ መንገዱ የእነርሱ ነው። የአየር ሞገድ ግን የጋራ ነው። መምህር በሌለበት ክፍል አርባ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ የሚፈጠረው ነገር፣ ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ ሲልኩም ይፈጠራል። ይህን ችግር ቀድመው በተግባር ከተጋፈጡት መካከል የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ ይገኛሉ። በደሴቶቹ ላይ የተበተኑትን የዩኒቨርሲቲው ቅርንጫፎች በኦዋሁ ደሴት ካለው ዋና ኮምፒዩተር ጋር ለማገናኘት ሲያስቡ የስልክ መስመሩን ውድና የማያስተማምን ሆኖ ስላገኙት፣ እ.ኤ.አ. በ1971 አሎሃኔት የተባለውን የሬዲዮ መረብ ሥራ አስጀመሩ። ደንቡ እጅግ ቀላል ነበር፤ የሚልከው ያለው ሁሉ ይልካል፣ መልእክቱ ከሌላ ጋር ተጋጭቶ ከተበላሸም ልኩ በዕጣ የሚወሰን ጥቂት ጊዜ ጠብቆ ይደግማል። የዚህ ቀላልነት ዋጋ በሒሳብ ተሰልቷል። በዚህ ደንብ የሚሠራ መረብ ከጠቅላላ ጊዜው ለተሳካ መልእክት ሊያውለው የሚችለው ቢበዛ 18 በመቶ ያህሉን ነው። ለጽሑፍ ይህ የሚያስከፋ አልነበረም፤ ደብዳቤ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ አንባቢው አያውቀውም። ንግግር ግን እንዲህ ያለውን መዘግየት አይታገሥም።

የአሎሃኔት ሐሳብ ወደ ቢሮ ለመግባት ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ወስዶበታል። በመካከሉ የተወሰደው ወሳኝ እርምጃ ከምሕንድስና ይልቅ የአስተዳደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ900 ሜጋኸርዝ፣ በ2.4 እና በ5.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያሉትን የሞገድ ክልሎች ማንም ያለ ልዩ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደ። እነዚህ ክልሎች ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭ ምድጃና መሰሎቹ የሚረብሿቸው በመሆናቸው ብዙም ፈላጊ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም 802.11 የተባለውን የጋራ ደረጃ አጸደቀ፤ ዛሬ ዋይ-ፋይ በሚለው ስም የሚታወቀው ይኸው ነው። ፍጥነቱ በመጀመሪያ በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ቢት የነበረ ሲሆን በ1999 ወደ 11 ሚሊዮን ከፍ አለ። ማንኛውም መሣሪያ ከመላኩ በፊት አየሩ ጸጥ ማለቱን አዳምጦ ማረጋገጥ እንዳለበትም ተደነገገ።

የስልክ ድምፅ በዚህ መረብ ላይ ሲጫን ያልተጠበቀ ነገር ታየ። በተለመደው አሠራር ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱም ልክ በ8 ቢት ይጻፋል። ይህ በአንድ አቅጣጫ 64,000፣ ለመናገርና ለመስማት በድምሩ 128,000 ቢት ይሆናል። 11 ሚሊዮኑ ለዚህ ሲካፈል 85 ጥሪዎችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ የሚቻል ይመስላል። በተግባር የተገኘው ግን ከአንድ ደርዘን እምብዛም አላለፈም። ምክንያቱም ድምፁ በየ20 ሚሊሰከንዱ እየተቆረጠ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰከንድ 50 ትንንሽ ጥቅሎች ይሆናል። እያንዳንዱ ጥቅል ከመነሣቱ በፊት ማዳመጥ፣ ተራ መጠበቅና የመግቢያ ምልክት ማሰማት፣ ከደረሰ በኋላም መድረሱን የሚያረጋግጥ መልስ መቀበል አለበት። በአንድ ጥቅል ላይ ከሚያልፈው አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ድምፁ ራሱ የሚወስደው ከአሥር አንዱን እጅ ያህል ብቻ ነው። አንዲት ደብዳቤ ለማድረስ ሙሉ አውቶቡስ እንደ መከራየት ይቆጠራል። በመሣሪያው ካርቶን ላይ የታተመውን ፍጥነት ይዞ የስልኮቹን ቁጥር የሚወስን ዕቅድ ከመነሻው የሚሳሳተውም በዚህ ነው።

ለዚህ ችግር የተሰጠው መልስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው 802.11ኢ የተባለው ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው ጥቅሎችን በአራት ማዕረግ ከፍሎ ድምፅ ከሌላው ያነሰ እንዲጠብቅ አደረገ። የመረቦቹ ፍጥነትም ከዚያ ወዲህ በብዙ እጥፍ አድጓል። ሆኖም ማዕረጉ በሥራ ላይ የሚውለው መሣሪያውን የሚተክለው ባለሙያ ሲያዘው ነው። ይህ በተዘነጋበት ግቢ፣ ተማሪዎች ከዕረፍት ወጥተው በየስልካቸው ተንቀሳቃሽ ምስል ሲከፍቱ የርእሰ መምህሩ ንግግር ይቆራረጣል።

የጠረጴዛው ስልክ እስከዚህ ለመድረስ በመጀመሪያ የኮምፒዩተር መረብ ዕቃ መሆን ነበረበት። ይህም በ1990ዎቹ መጨረሻ ተፈጸመ፤ ሲስኮ የተባለው ኩባንያ በዚህ ዓይነት ስልክ የታወቀውን ሴልሲየስ ሲስተምስን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የኮምፒዩተር ገመድ ግን በዚያን ጊዜ ኃይል አይሸከምም ነበርና ስልኩ ከግድግዳው ሶኬት ጋር መያያዝ ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀ ሌላ ደረጃ ይኸው ገመድ እስከ 15.4 ዋት ኃይል እንዲሸከም አደረገ፤ የተመረጠውም ቮልት እንደገና በ48 አካባቢ ነው። ጥቂት ቆይቶ፣ ግድግዳቸው በማይበሳ አሮጌ ሕንፃዎችና በኪራይ ቢሮዎች ሲባል፣ ይህም ገመድ ተነቀለ። በአንዳንድ ስልኮች ውስጥ የሞገድ መቀበያው አብሮ ተሠራ፤ ይህ በሌላቸው ላይ ድልድይ የሚባለው ትንሽ ሣጥን በገመዱ መሰኪያ ላይ ይገጠማል። ከገመዱ ጋር ኃይሉም ስለ ተነቀለ ስልኩም ሣጥኑም ወደ ግድግዳው ሶኬት ተመለሱ። ገመድ-አልባ የተባለው ስልክ ከገመድ ፈጽሞ አልተላቀቀም ማለት ነው።

ምስጢር የመጠበቁም ነገር እንዲሁ በኋላ የታሰበበት ነው። ሽቦን ለመጥለፍ ወደ ሽቦው መቅረብ ያስፈልጋል፤ ሞገድ ግን ከግቢው አጥር ውጭ ይሰማል። በ1997 የወጣው የምስጢር ቍልፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ሊሰበር እንደሚችል በይፋ ታየ፤ የተሻለው በ2004 ጸደቀ። በአሮጌው ቍልፍ የሚሠራ መሣሪያ ዛሬም ቢገኝ የተማሪ ጉዳይ የሚነገርበት ሊሆን አይገባም።

በኢትዮጵያ የስልክ አገልግሎት መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው እ.ኤ.አ. 1894 ሲሆን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ፣ ሲዲኤምኤ በተባለው ዘዴ የሚሠሩ ገመድ-አልባ የጠረጴዛ ስልኮች ሽቦ ላልደረሰባቸው መሥሪያ ቤቶች ተሰጡ። እነዚህ ስልኮች በተንቀሳቃሽ ስልክ ዓይነት ጣቢያ የሚያገለግሉና አብዛኞቹም በውስጣቸው የሚሞላ ባትሪ የያዙ ስለ ነበሩ፣ መብራት ቢጠፋ ለጥቂት ሰዓታት ይሠሩ ነበር። በዋይ-ፋይ የሚገናኘው የጠረጴዛ ስልክ ግን እንዲህ ያለ ባትሪ እምብዛም የለውም።

በዚህ ምክንያት ስልክን ከሞገድ መረብ ጋር ለማገናኘት የሚያስብ ትምህርት ቤት የሚቆጥበውን ሽቦ ከሚገዛው ባትሪ ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል። የጠረጴዛ ስልክ ከቦታው ስለማይነሣ፣ እየተንቀሳቀሱ መነጋገር የሚባለው የሞገድ ትልቁ ጥቅም እርሱን አይመለከትም። ስልኩ፣ ማሰራጫውና ወደ ውጭ የሚያገናኘው መሣሪያ በድምሩ 20 ዋት ቢወስዱ፣ በመጠባበቂያ ሣጥኖች ውስጥ የተለመደው የ12 ቮልት፣ የ7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ስለሚይዝ በወረቀት ላይ ከአራት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ በመለወጥ የሚባክነው ሲቀነስ ወደ ሦስት ሰዓትና ከዚያም በታች ይወርዳል። ቀድሞ አንድ የባትሪ ክፍል ለሺህ ስልኮች ይበቃ ነበር፤ የሚንከባከበውም የጣቢያው ባለሙያ ነው። በአዲሱ አሠራር ባትሪው እንደ 1880ዎቹ ወደ ደንበኛው ቤት ተመልሷል፤ በየጥቂት ዓመቱ የሚቀይረውም ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው።