ከሲራራ ነጋዴ እስከ ሞባይል፦ ከተማን ከከተማ የሚያገናኘው አማና

  

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ቁረይሽ የብርዱንና የበጋውን ወራት ጉዞ እንደ ጸጋ አውስቶታል። እህል የማይበቅልባት መካ የኖረችው ወደ የመንና ወደ ሻም በሚወጣው ቅፍለት ነበር።

በሀገራችንም ጎንደር በስተሰሜን በዐድዋ በኩል ከምጽዋ፣ በስተደቡብ በጎጃሙ ባሶ ገበያ በኩል ከዓባይ ማዶ ከእናርያ ጋር ትገናኝ ነበር። እ.ኤ.አ በ1668 ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ቢወስኑም፣ የቅፍለቱ ንግድ ከሙስሊሞች እጅ አልወጣም። በደብረ ታቦር አቅራቢያ ያለችው ደሪጣም የታወቀች የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች።

ጉዞው ወራት ይፈጃል፤ ክረምት ገብቶ ዓባይ ሲሞላ ይቆማል። ባንክ የለም፣ ስልክ የለም። የሲራራ ነጋዴው ዋስትና አማናው ነው። አደራ የበላ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ምን ፊት ይዞ ይቀርባል? የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ስሟ ራሱ እንደሚናገረው፣ ብዙ ከተሞቻችን ሰው በየሳምንቱ ፊት ለፊት ከሚገናኝበት ገበያ የበቀሉ ናቸው።

እውነቱን ግን አንደብቅ። በዚያው መንገድ ከቡናው፣ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጋር የሰው ልጅ እየተነዳ ተሽጧል። ከሻጮቹም መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። ነፃ ሰው ሽጦ ዋጋውን የበላን ሰው አላህ በቂያማ ቀን ራሱ እንደሚሟገተው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል።

ዛሬ የወልድያ–ወረታ መንገድ ነፋስ መውጫንና ደብረ ታቦርን አቋርጦ ያልፋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህም ገንዘብ ከስማዳ አዲስ አበባ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም። አልሐምዱሊላህ! ነገር ግን በዚያው ስልክ ደላላው የጋይንትንና የእስቴን ወጣት «ሳዑዲ አስገባሃለሁ» እያለ ይጠራዋል። በየመን በኩል በባሕርና በበረሃ የቀሩት ልጆቻችን ጥቂት አይደሉም። የጥንቱ ነጋዴ ሀገሩና ዘመዱ ይታወቅ ነበር፤ የዛሬው ደላላ ግን ቁጥር ብቻ ነው። ልጁ ችግር ላይ ሲወድቅ ስልኩን ይዘጋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ፍየላችሁን እንኳ ለማታውቁት ሰው አትሰጡም። ልጃችሁንማ እንዴት? የደላላውን ስም፣ ሀገርና ዘመድ ጠይቁ፤ የሚያውቀው ከሌለ ገንዘቡንም ልጁንም አትስጡ። መንገድ የአላህ ጸጋ ነው፤ በመንገዱ ስለምንልከው ግን እንጠየቃለን።

ወላሁ አዕለም።