ካቻቢቴ ያለበት ቤት

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1924 የዓለም ትልልቅ አምፖል አምራቾች ጄኔቭ ላይ አንድ ማኅበር መሠረቱ፤ ስሙ ፌበስ ነው። የጀርመኑ ኦስራምና የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ከአባላቱ መካከል ነበሩ። ማኅበሩ ገበያ መከፋፈሉ ሳያንሰው የአምፖልን ዕድሜ 1,000 ሰዓት ላይ ወሰነ። ቀድሞ ከ1,500 እስከ 2,000 ሰዓት የሚያበሩ አምፖሎች ነበሩ። አምፖሉ ከልክ በላይ የቆየበት ፋብሪካ መቀጮ ይከፍል ነበር። «ዕድሜው ሲያጥር ብርሃኑ ይደምቃል» የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ዕቃህ ብዙ ቆየ ብሎ የሚቀጣ ነጋዴ ግን ስለ ብርሃን ብቻ አልተጨነቀም።

ፌበስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረሰ፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። ክዳኑ በማጣበቂያ የታሸገ፣ መለዋወጫ የሌለው ዕቃ ዛሬም ይሸጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን አምራቾች ለዓመታት መለዋወጫ እንዲያቀርቡ ያስገደደው ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ችግሩ ሌላም ሥር አለው፤ የእጅ ሥራን መናቅ። ብረት የሚሠራው «ጠይብ»፣ ሸማ የሚሠራው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ስድቡ ቀነሰ፤ ንቀቱ ግን መልኩን ቀይሮ ቆየ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ስፒና ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ቃላቱ ሁሉም ቤት ገቡ፤ ካቻቢቴው ግን ብዙ ቤት አልገባም። ዲግሪ ያለው አባወራ ስፒና ለማስቀየር ሰው ይጠራል።

የኤሌክትሪክ ምጣድን እንመልከት። ከሸክላው ሥር የተዘረጋው ጥምዝ ሽቦ፣ አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት የኒክሮም ቅይጥ ወገን ነው። ከሽቦው ሌላ ያለው ማያያዣ፣ ገመድና ስፒና ነው። «ተቃጠለ» የተባለ ምጣድ አንዳንዴ ያለበት ችግር የላላ ብሎን ብቻ ነው። የላላ ማያያዣ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ይቋረጣል። ከሶኬት ነቅሎ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ የጠቆረውን ቆርጦ ማጥበቅ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ማይክሮዌቭ ግን ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ እሱ ለባለሙያ ይተው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ መጣል ቅንጦት የሆነው ያኔ ነው። የመርካቶው ምናለሽ ተራ ይህን ቀድሞ ያውቃል፤ «አበቃለት» የተባለውን ዕቃ ለሥራ ሲመልስ ኖሯል። በደህና ጊዜ የተናቀው ያ ሙያ፣ ዛሬ ደመወዝ ከወር ወር ለማይደርስለት ቤተሰብ የተረፈ ገንዘብ ነው።