የሙከራ ኮሌጅ (ዊስኮንሲን)
በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከ1927 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የቆየ፣ ማደሪያንና ትምህርትን በአንድ ጣሪያ ሥር ያዋሐደ ፕሮግራም። መሥራቹ ፈላስፋው አሌግዛንደር ማይክልጆን ነበሩ። ወንዶች ብቻ የነበሩት ተማሪዎች በሜንዶታ ሐይቅ አጠገብ በሚገኘው አዳምስ ሆል ይኖሩ ነበር፤ የመምህራኑ ቢሮም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ስለነበር በክፍል የተጀመረ ክርክር ማደሪያው ድረስ ይዘልቅ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ጥንታዊት አቴናን፣ በሁለተኛው አሜሪካን ያጠኑ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ያደገበትን አካባቢ ኑሮና ኢኮኖሚ መርምሮ ሰፊ ጽሑፍ ያቀርብ ነበር፤ ከአሠራሩ ሁሉ እጅግ የሚደነቀውም ይኸው ነው። ከትምህርቱ ጎን ለጎን የግሪክ ተውኔቶችን መድረክ ላይ ያሳዩ ነበር። የተማሪ ቁጥር ማሽቆልቆልና ከዩኒቨርሲቲው መምህራን የገጠመው ተቃውሞ ተደምረው አዘጉት። በአንድ የትምህርት ጉዳይ ዙሪያ ተማሪዎችን በአንድ ዶርም የሚያሰባስቡ የዛሬ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ከቀደምቶቻቸው ይቆጥሩታል።